ያልከፈትኳቸው ዕውር አንጀቶች

«ሥራሽ ምን ነበር?» ለሚለኝ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ማስረዳቱ ነው የሚረዝመው። የሞተ ዶሮ አንጀት ከፍቼ ትል እለቅም ነበር። ዶሮ ብቻም አይደለም፤ ቆቅም፣ ጅግራም፣ ቁራም፣ ርግብም፣ አንዳንዴም ስሟን የማላውቃት አውራ ጣት የምታህል ወፍ በእጄ አልፋለች። ይህን ስነግራቸው ሰዎች መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ቀጥለው «ለካ ዶሮም ትል አለው?» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቤታቸው ስላለችው፣ እየበላች ስለምትከሳው ዶሮ ያማክሩኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሲሸኙኝ ጋቢ አለበሱኝ፤ ወጣቶቹ ሐኪሞች በየተራ እየተነሡ አመሰገኑኝ። አንዷ «እትዬ አስካለ አንጀት ከፍተው ተሳስተው አያውቁም» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ጨዋነት መሰላቸው። ይህን ደብተር ያስገዛኝ ያ ጭብጨባ ነው። ተሳስቼ አውቃለሁ። ስህተቴን ሳልናገር ጡረታዬ ደረሰ እንጂ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱም እያቋረጥኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። ወሬዬም እንደ ዶሮ ጭረት ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዞራል።

አባቴ ከወልቂጤ በኩል ጨርቅ ሊነግድ ጅማ የመጣ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እኔ ቡና መጋዘን ለቀማ ገባሁ። ሴቶች ተደርድረን እንቀመጥና ከፊታችን ከተዘረገፈው ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን እየለየን እናወጣለን። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ዓይን ነው፤ እጅ የዓይን አሽከር ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው መይሙና የምትባል የጅማ ልጅ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ወሬ ቀንሱ» ሲለን «በአፋችን አንለቅም» ትለዋለች። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የኔ እናት ስትታመም ሁለት ጆንያ ለቅማ አንዱን በኔ ስም ያስቆጠረችም እሷ ናት። በኋላ ጅማ አጠገብ ወዳለችው የቡ ተዳረችና ሄደች። ይህን የምጽፈው ስለ እሷና ስለ ልጇ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መጋዘኑ ሠራተኛ ሲቀንስ የዶሮና የወፍ በሽታ የሚመረመርባት አንዲት ትንሽ ቤት ጽዳት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከለቀማው ብዙም አይሻልም፤ ግን የወር ነው። ውሉ ላይ አሻራ አድርጊ ሲሉኝ ስሜን ጻፍኩላቸው፤ ያን ቀን የኮራሁትን ኩራት እስካሁን አልደገምኩትም።

ጋሽ ከማልን ያገኘሁት እዚያ ነው። የላብራቶሪው ሠራተኛ ነበር፤ የጅማ ነባር ቤተሰብ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኑን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ የሚያጥብ። በገባሁ በሳምንቱ ወለል ስወለውል ትሪ ላይ አጎንብሶ ሲያይ፣ ሲያይ፣ መነጽሩን ሲጠርግ፣ እንደገና ሲያይ በትከሻው አሾለቅሁ።

«እዚያ ጋ አንድ አለ» አልኩት። «እዚያም።»

ዓይኑን ሳያነሣ «የት?» አለ። በመወልወያው እንጨት አሳየሁት። በጣም ቀጭን፣ ውኃ የመሰለች ትል ነበረች። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። «ቡና» አልኩት። ሳቀ፤ ከማግስቱ ጀምሮ ትሪው አጠገብ ወንበር አኖረልኝ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ የጽዳት ሠራተኛ መቀስ ይዛ ምን ታደርጋለች ብሎ ሲቆጣ፣ ጋሽ ከማል ዓይኔ ስላረጀ የሷን ተውሼ ነው አለው። ኃላፊው ሳቀና ተወን። እንደዚህ ሆኖ ከቡና ለቃሚነት ወደ ትል ለቃሚነት ተሻገርኩ። የሰፈሬ ሴቶችም «ትል ለቃሚዋ» ብለው ስም አወጡልኝ። በዐቢይ ጾም እጅሽ ዶሮ ነክቷል እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ጋሽ ከማል ይህን ሲሰማ እዚህ የክርስቲያንም የሙስሊምም ዶሮ የለም፣ ሁሉም ሬሳ ነው፣ ማንም አይበላውም፣ ተረጋጊ አለኝ።

ስለ እሱ ልማድ ትንሽ ልናገር፤ የተማርኩት ሁሉ እሱ ነውና።

ጋሽ ከማል ሬሳው ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ መቀስ አያነሣም። መጀመሪያ ላመጣው ሰው ወንበር ይሰጠዋል። ዶሮዋ የት ታድራለች? ምን ትጭራለች? ከማን ጋር ትበላለች? ጫካ ይቀርባችኋል? ቆቅ ይመጣል? ባለቤቱ ይሰለቻል። አንድ የሰኮሩ ገበሬ «አንተ ሰው፣ ልጅህን ልትድርላት ነው እንዴ?» ብሎት ነበር። ጋሽ ከማልም «ቤተሰቧን ሳላውቅ ሆዷን አላይም» አለው።

ከዚያ የአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይፈስ አንጀቱን በየቦታው በክር ያስራል። በመቀሱ ድፍን ጫፍ በረጅሙ ይሰነጥቀዋል፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ይጠብቃል። ሥራው መጠበቅ ነው። ረጅሙ ነጭ ትል፣ የተቀቀለ ፓስታ የሚመስለው፣ በቀላሉ ይወጣል። ሪባን የሚመስለው ግን ጭንቅላቱን የአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተክሏል፤ ከጎተቱት ተበጥሶ ጭንቅላቱ እዚያው ይቀራል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እጎትት ነበር። «ተይው፤ ሲሰለቸው ራሱ ይለቃል። ሜ፣ ኢላሊ» ይለኛል። እስቲ እይ ማለቱ ነው። እውነትም ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ለቆ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እናገኘዋለን። ውኃውን በወንፊት አጥልለን ጥቁር ትሪ ላይ እንገለብጣለን። ትሪውን ጥቁር ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ነጭ ነገር በጥቁር ላይ እንደሚለይ መጋዘን ተምሬአለሁ። በላባ ጫፍ አንድ በአንድ አነሣቸዋለሁ። የስሙን ወረቀት በእርሳስ ጽፈን ብልቃጡ ውስጥ እንከታለን፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ እርሳስ ግን ይኖራል።

በመጨረሻ ዕውር አንጀቶቹ ይመጣሉ። ዶሮ ያጠበች ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ አንጀቱ ሊያልቅ ሲል በግራና በቀኝ የሚንጠለጠሉ፣ ጫፋቸው የተደፈነ ሁለት ከረጢቶች ናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ሆድ ዕቃው እንደወጣ ቀድመው የሚወረወሩት እነሱ ናቸው፤ ከዶሮ ገላ እንደነሱ የሚገማ የለም። እናቴም «እነሱን ሳትጥዪ ሌላውን እንዳትነኪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ጋሽ ከማል ግን ለነሱ ልዩ ጥንቃቄ ነበረው። ከሽፋሽፍት የማይበልጡ ትሎች የሚደበቁት እዚያ ነው። ኮክሲዲያ የሚሉት፣ ትል ያልሆነ፣ በዓይን የማይታይ ጫጩት ጨራሽ ተውሳክም ደም የሚያፈሰው እዚያ ነው። «ሁለቱንም ሳትከፍቺ ‹አየሁ› አትበይ» ብሎኛል፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ዕድሜ ልኩን።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረው። ውጤት የባለቤቱ ነው ይላል። መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት፣ አለቃ ከማየቱ በፊት፣ ዶሮው የሞተበት ሰው መስማት አለበት። ስልክ እንደዛሬው ባልነበረበት ጊዜ ምርመራው እንዳለቀ ኮፍያውን ደፍቶ በእግሩ ይሄድ ነበር። መጥፎ ውጤት ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ሲመሽ የባሰ ይከብዳል ይላል።

ያ የሰኮሩ ገበሬ ያመጣው ነገር አይረሳኝም። ዶሮዎቹ ቡናው ሥር እየጫሩ አንድ ባንድ ያልቁበታል። ቆቅ ናት በሽታውን ከጫካ የምታመጣብኝ ብሎ ወጥመድ ሊዘረጋ ነበር። ጋሽ ከማል ቆይ አለውና ሁለት የሞቱ ዶሮዎችና ሞታ የተገኘች አንዲት ቆቅ አስመጣ። ሦስቱንም ጎን ለጎን ከፈትን። የሁለቱም ዶሮ፣ የቆቋም ዕውር አንጀት ጫፍ ላይ ያው ቀጭን ትል። ገበሬው «አላልኩም?» ብሎ ደስ አለው። ጋሽ ከማል ግን ትሉ አንድ መሆኑን እንጂ ማን ለማን እንደሰጠ አልነገረንም አለ። «ቆቋም ቤቷ ገብታ ‹ይቺ ዶሮ አስያዘችኝ› ትል ይሆናል» አለው። ገበሬው ወጥመዱን ትቶ የዶሮ ቤቱን አጠረ፤ ኩሱንም ቡናው ሥር መድፋት አቆመ። ያን ቀን ነው ሥራውን የወደድኩት። ትል ማግኘት ላይ አልነበረም ነገሩ፤ ካገኙት በላይ አለመናገር ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ መስኮት ገጭታ የሞተች አበባ የምትመጥ ወፍ መጣች። አንጀቷ የስፌት ክር ያህላል። ግማሽ ቀን አጎነበስኩባት። ምንም የለም። ጋሽ ከማል ጻፊ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ አልኩ። ምንም አልተገኘም በይ፣ እሱም እውነት ነው አለኝ። ጻፍኩ፤ እንደዚያ ያለች ትንሽ ነገር ንጹሕ ሆና መሞቷ ግን ሆዴን አባባው።

ዓይኑ ሲደክም ጋሽ ከማል ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ወንበሩ ለኔ ቀረ። አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

መይሙና ባሏ ሞቶባት የቡ ከልጇ ከሀያት ጋር ትኖር ነበር። ሀያት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። አንድ ደላላ ዐረብ አገር ልላካት እያለ ደጃፋቸውን ይመላለሳል። መይሙና አርባ የፈረንጅ ጫጩት አመጣች። ስታሳየኝ ያለችኝ ትዝ ይለኛል። «እነዚህ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ልጄን ለማንም አልሰጥም። ካለቁብኝ ግን በምን አፌ እምቢ እላለሁ?»

ጫጩቶቹ ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል ደወለችልኝ። ክንፋቸውን ይጥላሉ፣ ይኮራመታሉ፣ ሁለት ሞተዋል። እሁድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መቀሴም፣ ክሬም፣ ትሪዬም መሥሪያ ቤት ናቸው። መይሙና ዱካ አወጣችልኝ፤ መክተፊያና የወጥ ቤት ቢላ ሰጠችኝ፣ ሳፋ ውኃ አቀረበች። ራሷም አጠገቤ ተቀምጣ እንደ መጋዘኑ ጊዜ ወሬ ጀመረች። ስለዚያ ተቆጣጣሪ አነሣን፣ ሳቅን። እጄ የራሱን ሥራ ይሠራል። ወጥ ቤት ቢላ ይዞ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ እጄ እናቴ ያስተማረችውን አደረገ። ሁለቱን ዕውር አንጀቶች ቆርጦ ወረወረ። የቤቱ ውሻ ቀለባቸው። ሁለተኛውንም ጫጩት እንደዚሁ። ወሬዬንም አላቋረጥኩ።

ቀሪውን አንጀት ስሰነጥቅ ሦስት ነጫጭ ትል አገኘሁ። በቢላው ጫፍ አንሥቼ «ይኸውልሽ ጠላትሽ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ታወቀ» አለች።

ያኔ ሀያት በኮባ ቅጠል ኩስ ይዛ ከጓሮ መጣች። «እትዬ፣ ኩሳቸው ቀይ ነው እኮ። ትናንትም እንዲህ ነበር። ደም አይመስልዎትም?»

ወሩ ኅዳር ነው። የየቡ ጓሮ ሁሉ በእሸት ቡና ገለፈት ቀልቷል፤ ጫጩቶቹ እላዩ ላይ ሲጭሩ ይውላሉ። በዚያ ወር በኛ አገር ቀይ ያልሆነ ኩስ የለም። ገለፈት በልተው ነው ልጄ አልኳት። እናቷ ደግሞ «ሐኪሟን ልታስተምሪ ነው?» ብላ ሳቀችባት። ሀያት ቅጠሉን ጣለችና እጇን ታጠበች።

የትል መድኃኒት እንድትሰጣቸው ነግሬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስመጣ ዘጠኝ ቀርተዋል። ጎረቤቶች ጓሮው ውስጥ ቆመዋል። ከነሱ ሙሉነሽ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት ፈንግል ነው ትላለች፤ የኛ ሰው ዶሮ ከሞተ ሁሌም ፈንግል ነው። መይሙና ወደኔ ዞረች። አላወቅሁም ማለት እችል ነበር። ግን ትል ነው ብዬ ነበር፤ መድኃኒት አዝዤ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስም ነበረኝ። ፈንግል ከሆነ ደግሞ የትል መድኃኒት ምን ያድርግ? ጥፋቱ ከኔ ይወርዳል። ስለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ፈንግል ከገበያ በጫማ ይገባል አልኩ።

ሙሉነሽ ወዲያው «ሐሙስ ገበያ የሄደው ማነው ታዲያ?» አለች።

ሐሙስ ገበያ የሄደችው ሀያት ነበረች። የጫጩቶቹን መኖ ልትገዛ። ሁሉም እግሯን አየ። መይሙናም «ገበያ ገበያ ስትዪ ቤቴን ባዶ አስቀረሽው» አለቻት። ልጅቷ የፕላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ቆመች። ማንም አውልቂ አላላትም።

አንድ የሞተ ጫጩት በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት በደንቡ፣ በክሬ፣ በመቀሴ ከፈትኩት። ዕውር አንጀቶቹ አብጠው፣ ወይን ጠጅ መስለው ተቀመጡ። ስከፍታቸው የረጋ ደም ብቻ። ግድግዳውን ፍቄ በቀጭን መስተዋት ላይ አድርጌ ለሐኪሙ ሰጠሁት፤ በማይክሮስኮፕ አየና ኮክሲዲያ ነው አለኝ። እኔ ሳይነግረኝም አውቄዋለሁ። ያን እሁድ ውሻው ሲያኝክ ያየሁት የመይሙናን መልስ ነበር። ሀያት በቅጠል ይዛው የመጣችውም ደም ነበር። መድኃኒቱ ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ ጅማ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ አለ።

ዘጠኙ ያን ቀን በሕይወት ነበሩ። ስልኩን አነሣሁት። ምን ልላት ነው? መልሼ አስቀመጥኩት። ማክሰኞም እንደዚሁ። ሐሙስ ራሷ ደወለችና አለቁ አለችኝ። አይዞሽ አልኳት።

ጋሽ ከማል ቤቱ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ዕውር አንጀቶቹ አልተቆጣኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለባለቤቷ ነገርሻት?»

እነግራታለሁ አልኩት።

ግንቦት ላይ ሀያት ሄደች። ወደ አዲስ አበባ ልትሳፈር ጅማ ስታልፍ መሥሪያ ቤቴ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ፀጉሯን ተሸፋፍና፣ አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር። «እትዬ፣ ይመርቁኝ። የጫጩቶቹን እተካላታለሁ» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሠራተኞቹ ይሰማሉ ብዬ ዋጥኩት። መረቅኳት። በሰላም ግቢ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የናትሽን ደስታ ለማየት ያብቃሽ አልኳት። በዕድሜዬ የዋሸሁት ውሸት ቢሰበሰብ ያን ምርቃት አያህልም።

ጋሽ ከማል ባየኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። በኢድ ልጠይቀው ስሄድ፣ መንገድ ስንገናኝ፣ «ነገርሻት?» ድምፁን ከፍ አያደርግም። አንድ ኢድ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ በጣም ከስቷል። ያንኑ ጠየቀኝ። ነገርኳት አልኩት። ዓይኑን ጨፈነና «ገለቶሚ» አለኝ። ተባረኪ፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሴቶች ከራቅንበት ቆሜ፣ እውነቱን ያወቀ ሰው ምድር ላይ እንደሌለ አሰብኩ። የቀለለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለቱን ዕውር አንጀቶች ሳልከፍት ያለፍኩት አንድ ወፍ የለም። ቁራም ቢሆን፣ ድንቢጥም ብትሆን። ወጣቶቹ «እትዬ አይስቱም» የሚሉት ይህንን አይተው ነው።

ጭብጨባው ከነደብተሩ አልለቅ ሲለኝ፣ ዘንድሮ ቡና ለቀማ እንዳለቀ የቡ ሄድኩ። መይሙና አርጅታለች፤ ምላሷ ግን ያው ነው። «ትል ለቃሚዋ፣ ጡረታ ወጥተሽ ትሉን ለማን ተውሽው?» አለችኝ። ተቀመጪ ብትለኝም ቆሜ ነገርኳት። ከውሻው ጀምሬ። ምንም አላስቀረሁም፤ ስልኩንም፣ ምርቃቱንም።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። እሷ፣ ተቆጣጣሪን የማታስጨርሰው። ስጨርስ «ቀዩ ደም ነበር?» አለች።

«ደም ነበር።»

«ልጄ ብላሽ ነበር።»

«ብላኝ ነበር።»

 ከዚያ ስልኳን አወጣችና ደወለች። ሀያት ዐረብ አገር ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንዴም አልመጣችም። ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገችና ስልኩን ጭኔ ላይ አኖረችው። «ለሷ ንገሪ» አለችኝ።

ነገርኳት። ወዲያ ማዶ የዕቃ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ውኃ ይፈሳል። መሐል ላይ ውኃው ተዘጋ። ስጨርስ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ሳነሣው ድምፅዋ መጣ።

«እናቴ እዚያ አለች?»

«አለች፣ ልጄ።»

«ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ የዚያች የአሥረኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «እሺ፣ እትዬ።»

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። መይሙና ስልኩን ከጭኔ አንሥታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። የተባባሉትን አልሰማሁም። በግድግዳው በኩል የሰማሁት የመይሙናን ድምፅ ነው፤ የልጇን ስም ደጋግማ ትጠራለች፣ ሌላ ቃል የላትም።

ስትመለስ ሻሿን አስተካክላ ነበር። ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። «የት?» አለችኝ። «ለኔ ነገርሽኝ፤ ለሷም ነገርሻት። ያኔ እዚህ ጓሮ ቆመው እግሯን ያዩት ግን ሌሎች ናቸው። ነይ።»

በየደጁ ዞርን። አንድ ሽማግሌ አላህ ያውቃል ብለው መረቁን። አንዷ ሴት ቤተሰቧ ፊት ስነግራት አፍራ ሻይ ልታፈላልን ተነሣች። የመጨረሻው የሙሉነሽ ሻይ ቤት ነበር። ሰው ሞልቷል። ሙሉነሽ ብርጭቆ እያጠበች አየችን፤ ቦታ አስለቅቃ አስቀመጠችን። ስለ መይሙና ጫጩቶች ልነግርሽ ነው የመጣሁት አልኳት።

እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ አሰበች፤ ግራ ገባት።

«የምን ጫጩት?» አለች።

የውሸቷን አልነበረም። ረስታዋለች። መይሙና ክንዴን ያዘችኝ።

«ንገሪያት» አለችኝ።

ሰው እየሰማ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።